ለምድ

ሐምሌ ነው፤ ፋሮ ላይ ሌሊት አይጨልምም፣
ጉም ከባሕር ወጥቶ ቫልባን ቢጠቀልልም።
ከወደቡ ዳር ላይ፣ ከሱፍ መጋዘኑ
ጆንያው ተሰልፏል፤ ነገ ነው ሚዛኑ።
ሚዛኑስ ብረት ነው፣ ዝገት አይደፍረውም፤
ኮምፒውተሩን ግን ጨው በላው፣ ማንም አያድነውም።

ኦሉቫ ጠራችኝ፤ እኔ ሥራዬ ሌላ፣
የጀልባ ሬዲዮ ነው፣ የአንቴና መላ።
«እስከ ነገ ጠዋት» አለችና ዘጋች፣
ቃሏንም እንደ ሱፍ እየመዘነች።

ፕሮግራሙ አሮጌ ነው፤ ኤስብየርግ ከተማ
የጻፈው ድርጅት ዛሬ ስሙም አይሰማ።
ግን የየበጉን ጆሮ፣ የቆረጣውን ምልክት፣
የየገበሬውን ኪሎ፣ የሃያ ሁለት ዓመት፣
ሁሉን የሚያውቅ እሱ ነው።
የሚግባባው ደግሞ ከዊንዶውስ ጋር ብቻ፤
የኔው ላፕቶፕ ሊኑክስ፤ ሌላ ቋንቋ፣ ሌላ ስልቻ።

ድልድይ አለ። ስሙ ወይን ነው፣ አያሰክርም፤
አሮጌውን ቀድቶ በአዲስ አቁማዳ ሲያኖርም
አቁማዳው አይቀደድም።

ከሞተው ማሽን ሆድ ዲስኩን አወጣሁት፣
ባዶ ማኅደር ከፍቼ «ድራይቭ ሲ ነህ» አልሁት፤
ዲስክ ያልነበረውን ዲስክ አስመሰልሁት፤
«ዊንዶውስ ዘጠና ስምንት ነኝ» በል ብዬ አስማልሁት።
በጥቁሩ ገጽ ላይ ስሞታ ዘነበ፤
ግማሹን ናቅሁት፣ ግማሹ ተነበበ።
አንድ ፋይል ጎደለ፤ አምጥቼ ስተካ
ሌላው ይጎድላል፣ ያኛው ይህን ሲነካ።
ኋላ መስኮት ወጣ፣ ግራጫ፣ ጠባብ፣
የሃያ ሁለት ሐምሌ ዝርዝር የሚነበብ።
የትሮንዱር ስም ጠፍቶ ሣጥን ብቻ ታየ፤
ፎንቱን ጫንሁለትና ሰውየው ተለየ።

ኦሉቫ ከኋላዬ ሹራብ እየሠራች
አየች። ዝም አለች። ቆይታ ተናገረች፦
«ሠላሳ ዓመት ቆምሁ በዚህ ሚዛን ፊት፣
አንዲት ግራም እንኳ አላጎደልሁ ከእውነት።
አንተ ግን ፕሮግራሜን ታስተምራለህ ውሸት!
‹ቤትህ ነው› ትለዋለህ የሰው ሀገር ቤት።
አባይ ሚዛን ይኸው። የበግ ለምድ ለብሶ
የሚገባ ሁሉ ተኩላ ነው ጨርሶ።»

መልስ አልነበረኝም። ወደ ገመዱ ዞርሁ፣
የሚዛኑን ሽቦ በዩኤስቢ አሰርሁ።
ፕሮግራሙ የሚያንኳኳው «ኮም አንድ» የሚሉት በር
በዚህ ማሽን ላይ የለም፤ ስሙ ሌላ ነበር።
ስም በስም ላይ ደረብሁ፣ እንደ ቅጽል ስም፤
ጠበቅን።
ዜሮ።
ዜሮ። ደግሞ ዜሮ። ምንም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ አንዲት በግ ጮኸች ከጉሙ ውስጥ።
የኦሉቫ ጣቶች ቆሙ። አለች ቀስ ብላ፦
«ግልገሏ የሞተባት እናት በግ ተቀብላ
የሙት ልጅ አታጠባም፤ በግንባሯ ትመታለች፣
‹ሽታው የኔ አይደለም› ብላ ትሸሻለች።
አባቴ የሞተውን ግልገል ቆዳውን ገፎ
ለሕያው አለበሰው፣ እግሮቹን አሳልፎ።
አሸተተች። አሸተተች።
ቆመችለት።»
መርፌዎቹን ጭኗ ላይ አኖረች።
«ለምዱ ውሸት ነበር።
ወተቱ ግን ወተት።»

ሌላ ምንም አላለች። እኔም አልጠየቅሁም።
ግን ትዝ አለኝ፦
ሚዛኑ ሽማግሌ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራ፤
የወደቡን ፍጥነት ዝቅ ባደርግ፣ ያኔ ቁጥሩ በራ።

ከመሳቢያዋ አወጣች፣ በፍላኔል የጠቀለለችውን
የአሥር ኪሎ ናስ፣ መፈተኛውን።
አስቀመጠችው፦ አሥር፣ ነጥብ፣ ዜሮ ዜሮ።
አነሣችው። መለሰችው። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣
ከዚያ ሹራቧን አጥፋ መብራቱን አጠፋች።

ጠዋት ትሮንዱር ቀድሞ ጆንያውን አወጣ፤
ቁጥሩን አየ፤ እንደ ዓምናው ተቆጣ።
«አነሰብኝ» አለ።
እሷም እንደ ዓምናው፣
ቀና ሳትል፦ «ልክ ነው።»